ገመድ የሌለው ኬላ፦ ስለ ውጭ አገር የመንገድ ክፍያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በ2006 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ አብዛኞቻችን የመንገድ ክፍያን የተማርነው እዚሁ ጣቢያ ላይ ነው፦ መግቢያው ላይ ቆሞ ካርድ መቀበል፣ መውጫው ላይ እንደ ርቀቱ መክፈል፣ ብረቱ ሲነሣ መሄድ። ዱባይ ዘጠኝ ዓመት በሾፌርነት ሠርቼ ከተመለስሁ በኋላ፣ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ የሠፈሬ ልጆች «ጋሼ፣ እዚያ እንዴት ነው የሚከፈለው?» እያሉ ይመጣሉ። ይዘውት የሚመጡት ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ከለመዱት ኬላ የተቀዳ ነው። የላባቸውን ገንዘብ ስለሚያስከፍላቸው ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ያስቆመኝ ከሌለ መንገዱ ነጻ ነው»

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ዱባይ ውስጥ ሳሊክ የሚባለው የመንገድ ክፍያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 በጋርሁድ ድልድይና በባርሻ ሲጀመር ገንዘብ ተቀባይም ብረትም አልነበረውም፤ ዛሬም የለውም። መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከመንገዱ በላይ ከተሠራው በር ሥር ያልፋል፤ ከላይ የተሰቀለው መሣሪያ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ታግ በሬዲዮ ሞገድ ያነባል፤ ካሜራው ታርጋውን ያነሣል። ሳሊክ በዐረብኛ የተከፈተ፣ ያልታጎለ መንገድ ማለት ነው እንጂ የነጻ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ታጉ ባይነበብም ታርጋው ይነበባል። ታግ ሳይኖረው ያለፈ መኪና ለመመዝገብ 10 የሥራ ቀናት ይሰጠዋል። ካልተመዘገበ ለመጀመሪያው ጥሰት 100፣ ለሁለተኛው 200፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ለእያንዳንዱ 400 ድርሃም ይቀጣል። ታግ ኖሮት ሒሳቡ ያለቀበት ደግሞ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልሞላ 50 ድርሃም ይጨመርበታል።

«የዱባዩ ክፍያ ሁልጊዜ 4 ድርሃም ነው»

እኔ በነበርሁበት ጊዜ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 31 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ዋጋው እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ከእሑድ በስተቀር በተጨናነቀው ሰዓት፣ ማለትም በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት እና ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ 6 ድርሃም ነው፤ በቀረው ጊዜ 4። ከሌሊቱ 7 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይከፈልም። በረመዳን ሰዓቶቹ ይቀየራሉ።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው ብቻ የተቀመጠ የሚመስል ወጥመድ አለ። ማስታወቂያው ነጻ የሚሆነው «ከ1 እስከ 6» መሆኑን ይናገራል። የአበሻ ዓይን ይህን ሲያይ የጠዋቱን 1 ሰዓት ያነባል፤ በዚያ ሰዓት ግን ዋጋው ከፍተኛው ነው። የእነርሱ 1 የእኛ ሌሊት 7 ነው። ለሚሄድ ሁሉ ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ እሰጠዋለሁ።

«አንድ ታግ ከያዝሁ የትም ያስኬደኛል»

በአንድ አገር ውስጥ እንኳ አያስኬድም። ከዱባይ ተነሥቶ አቡ ዳቢ የገባ ሾፌር የሚያገኘው ደርብ የሚባል ሌላ ሥርዓት ነው። ተለጣፊ አይፈልግም፤ በካሜራ ታርጋውን ብቻ ያነባል፤ ሒሳቡም ለብቻው ነው። አሜሪካም እንዲሁ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚሠራው ኢዚፓስ የተባለ ታግ ካሊፎርኒያ ላይ አይሠራም፤ እዚያ ያለው ፋስትራክ ነው።

ቨርጂኒያን ካነሣሁ አይቀር፣ ቤተሰብ ጭኖ ለሚነዳ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ በክፍያ በሚነዳባቸው ፈጣን መስመሮች ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው የያዘ መኪና አይከፍልም። ይህ የሚሆነው ግን ኢዚፓስ ፍሌክስ የተባለው ታግ ኖሮት ማብሪያው ወደ ብዙ ሰው ምልክት ሲዞር ብቻ ነው። ተራውን ታግ የያዘ ሰው አምስት ልጆች ቢጭንም እንደ ብቸኛ ሾፌር ይከፍላል።

«መኪናው ውስጥ እስካለ ድረስ የትም ቢቀመጥ ግድ የለም»

የዱባዩ ታግ ባትሪ የሌለው ስስ ተለጣፊ ነው፤ ከበሩ በሚመጣው ሞገድ ኃይል ይሠራል። አንድ ጊዜ ከተላጠ ይበላሻል፤ ከመኪና ወደ መኪና አይዛወርም። ባትሪ ያለው የአሜሪካው ሣጥን መሰል ታግም ቢሆን ቦታው የፊት መስታወቱ ከመሐል መመልከቻው ጀርባ ነው። አንዳንድ መኪና ሙቀት ለመከላከል መስታወቱ በብረት የተቀባ ስለሆነ ሞገዱን ያግዳል፤ ለዚህ ተብሎ ያልተቀባ ቦታ ይተውለታል፤ ታጉ የሚለጠፈው እዚያ ነው።

«መኪና ከተከራየሁ አከራዩ ይጨርሰዋል»

ይጨርሰዋል፤ ግን በእናንተ ገንዘብ። የእህቴ ልጅ አሜሪካ ሄዶ ያከራየው ድርጅት ከመንገዱ ክፍያ በላይ የቀን አገልግሎት ሒሳብ ቆርጦበታል፤ ውሉ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እርሱ አላነበበም። ቁልፉን ከመቀበል በፊት መኪናው ላይ ያለውን ታግ የመዝጋት አማራጭ እንዳለ መጠየቅ የእያንዳንዱ ተከራይ ድርሻ ነው።

በስልክ ስለሚመጣው «ያልተከፈለ የመንገድ ዕዳ አለብዎት» የሚል መልእክትም እነግራቸዋለሁ። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. እ.ኤ.አ. በ2024 የዚህ ዓይነቱ መልእክት ማጭበርበሪያ መሆኑን አስጠንቅቋል። ማስፈንጠሪያውን አትንኩ፤ ዕዳ መኖሩን በራሳችሁ የሒሳብ ገጽ ገብታችሁ እዩ።

«ደቡብ አፍሪካ የመንገድ ክፍያ ቀርቷል»

የቀረው በጋውቴንግ፣ በጆሃንስበርግ ዙሪያ ያለው ኤሌክትሮኒክ ክፍያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ቆሟል። ወደ ደርባን በሚወርደው ኤን 3 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ያሉት ጣቢያዎች አሁንም ያስከፍላሉ።

«የተሳሳተ መስመር ከገባሁ ወደ ኋላ እመለሳለሁ»

ይህ ከገንዘብ ያለፈ ነው፤ ሕይወት ያጠፋል። ጣሊያን ውስጥ ቴሌፓስ የተባለው ታግ የሚነበብበት ቢጫ መስመር ለታግ ባለቤቶች ብቻ ነው። ታግ ሳይኖራችሁ ከገባችሁ የኋላ ማርሽ አታስገቡ፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ትቆማላችሁ ብሎ አያስብም። የእርዳታ ቁልፉን ተጫኑ፤ ማሽኑ የዕዳ ወረቀት ይሰጣችኋል፤ በ15 ቀን ውስጥ ትከፍላላችሁ።