«ምን አገባህ በእነሱ?» እና ሌሎች ለጎረምሳ የማይሠሩ ምክሮች

«ጓደኞቹ ስላላስጠጉት ራት አልበላም ይላል፤ ቅብጠት ነው።» ከወላጆች አፍ በብዛት የሚሰማው ይህ ነው፤ ምክሩም አብሮ ይከተላል፦ «ምን አገባህ በእነሱ? ናቃቸው!»

ቅብጠት አይደለም፤ ምክሩም አይሠራም። ሳይበርቦል የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ሦስት ተጫዋቾች ኳስ ይቀባበላሉ፤ ሁለቱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ነው። ጥቂት ጊዜ ካቀበሉት በኋላ ሦስተኛውን ይዘሉታል። በቃ፣ ይኸው ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የለንደን ጥናት ይህንኑ በሴቶች ላይ ሞክሮ፣ የታዳጊዎቹ ስሜት ከአዋቂዎቹ ይበልጥ መጎዳቱን አሳየ። ከዚያ በፊት በ2004 ደግሞ «የምትጫወቱት ከኮምፒውተር ጋር ነው» ተብለው አስቀድመው የተነገራቸው አዋቂዎች እንኳ ሲዘለሉ ከፍቷቸዋል። የዘለላቸው ማሽን መሆኑን ማወቃቸው ካላዳናቸው፣ የ14 ዓመት ልጅ «እነሱ ምንም አይደሉም» ስለተባለ እንዴት ይድናል?

ምክንያቱ ዕድሜው ነው። የጉርምስና ሆርሞኖች ስሜትንና ሽልማትን የሚመለከቱትን የአንጎል ክፍሎች ለእኩዮች አቀባበል ንቁ ያደርጓቸዋል፤ ስሜትን የሚገራው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ገና ይበስላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ መፍትሔ አታቅርቡ፤ «በእኔ ጊዜ» ብላችሁም አትጀምሩ። «ማን ነበር? ምን ተባለ? ከዚያስ?» ብላችሁ ጠይቁና እስኪጨርስ ስሙት። ለሌላኛው ልጅ ወላጅ ለመደወል አትቸኩሉ፤ ነገሩ በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ ይወራና ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ይዋረዳል። ስልኩን መንጠቅም የቀረውን አንድ ጓደኛ መንጠቅ ነው፤ ይልቅ ስልኩ ሌሊት ከመኝታ ክፍል ውጭ እንዲያድር ተስማሙ። ደግሞ ብዙ ጓደኛ አትፈልጉለት፤ እሱም የሚወደው፣ እሱንም የሚወደው አንድ ልጅ የመገለልን ጉዳት ያቀልላል። ያ ልጅ ከክፍሉ ውጭ ቢገኝ ይሻላል፤ ስፖርት ወይም ሙዚቃ፣ ብቻ እያንዳንዱ የሚሠራው ድርሻ ያለው ቡድን ይሁን።

መምህራንም፣ እባካችሁ «ጥንድ ጥንድ ሁኑ» ማለት ይቅር። ማንም ያልመረጠው ልጅ በክፍሉ ሁሉ ፊት የሚጋለጠው ያኔ ነው። ራሳችሁ መድቡ ወይም ዕጣ አውጡ።

ሌሎቹን የተለመዱ አባባሎች ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው።

«መገለል ለአንጎል ከአጥንት ስብራት አይለይም።» ይህ ደግሞ በወዲያኛው በኩል የተጋነነ ነው። በ2003 የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት ሁለቱ የጋራ ቦታ እንደሚነኩ ጠቁሞ ነበር፤ በ2014 በጥልቀት ሲታይ ግን የእንቅስቃሴው ንድፍ የተለያየ ሆኖ ተገኘ።

«ዝነኛ ልጅ ተወዳጅ ነው።» ተማሪዎችን «በጣም የምትወዱት ማንን ነው?» እና «ዝነኛው ማነው?» ብላችሁ ለየብቻ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ስሞች ይለያያሉ።

«ብቻውን የሚሆን ሁሉ የተገለለ ነው።» ማንም የማይጠላው፣ ግን ብዙም የማይታወስ ልጅ አለ፤ እሱ ደህና ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበው ብዙዎች በግልጽ የማይፈልጉት ነው።

«አደጋ ውስጥ የሚገባው ስለማያውቅ ነው።» ያውቃል። በ2005 በታተመ የመኪና መንዳት ጨዋታ ሙከራ ታዳጊዎች እኩዮቻቸው አብረዋቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚጫወቱት ይልቅ አብዝተው ደፈሩ፤ አዋቂዎቹ ግን ብዙም አልተለወጡም።

«ያልፋል።» አብዛኛው ያልፋል። ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ ወይም እንቅልፉ ከተዛባ ግን ባለሙያ ይየው፤ ስለ መሞት ካወራ በዚያው ቀን።