ፓኒስ ሞናኮ ላይ ሎተሪ አልወጣለትም

ሜይ 19 ቀን 1996፣ በእኛ ግንቦት 11 ቀን 1988፣ ሞናኮ ላይ በዝናብ በተካሄደው የፎርሙላ ዋን ውድድር ከ14ኛ ቦታ የተነሳው ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ፓኒስ በሊዤ ቡድን መኪና አንደኛ ወጣ። ማንም አልጠበቀውም። በዚህም የተነሳ ስለ ድሉ ልክ ያልሆነ ነገር ሲወራ ይሰማል።

«ከፊቱ የነበሩት ከውድድሩ ስለወጡለት ነው ያሸነፈው።»

ግማሹ እውነት ነው። ሹማከር ከፊት ተነስቶ በመጀመሪያው ዙር ግድግዳ መታ። ሲመራ የነበረው የዴመን ሂል ሞተር በ40ኛው ዙር ተቃጠለ። መሪነቱን የተረከበው ዣን አሌሲም በ60ኛው ዙር ሱስፔንሽኑ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ተበላሽቶበት ወጣ። ግን ፓኒስ 14ኛ ላይ ተቀምጦ ቢጠብቅ ኖሮ እነሱ ቢወጡ ምን ይጠቅመው ነበር? መቅደም አይቻልም በሚባልበት በዚያ ጠባብ የከተማ መንገድ ብራንድልን፣ ሃኪነንን፣ ኸርበርትን አንድ በአንድ ቀድሞ መጣ። መንገዱ መድረቅ ሲጀምርም የዝናብ ጎማውን በደረቅ ጎማ ከቀየሩት ቀደምቶች አንዱ እሱ ነበር፤ የዘገዩት በእርጥብ ጎማ ሲንፏቀቁ እሱ ቦታ ለቀመ። የፌራሪውን ኧርቫይን ደግሞ ሎውስ በሚባለው ጠመዝማዛ መታጠፊያ በውስጥ በኩል ገብቶ፣ እየተነካኩም ቢሆን አለፈው። (ዛሬ ቢሆን ዳኞቹ ዝም የሚሉት አይመስለኝም።) ሂልና አሌሲ ሲወጡ ከኋላቸው የነበረው እንግዲህ እሱ ነው።

«መኪናው ደካማ ነበር።»

14ኛ የሆነው የመነሻ ቦታ በሚወስነው ማጣሪያ መኪናው ስላስቸገረው ነው። በውድድሩ ዕለት ጠዋት በተደረገው ማሟሟቂያ ግን ከሁሉም ፈጣኑ እሱ ነበር። ያን ፍጥነት ልብ ብሎ ያየ ሰው በድሉ ብዙም ባልተደነቀ።

«መጨረሻ ላይ ተቀናቃኝ አልነበረውም።»

ኩልታርድ በማክላረን እያሳደደው 4.8 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ ገባ። ውድድሩም ከ78ቱ ዙር 75ኛው ላይ ያበቃው ውድድር ከሁለት ሰዓት እንዳያልፍ የተቀመጠው ገደብ ስለሞላ ነው።

«ሦስት መኪና ብቻ ጨረሰ።»

መስመሩን እየነዱ ያለፉት አዎ፣ ፓኒስ፣ ኩልታርድና ኸርበርት ናቸው። በውጤት ሰንጠረዡ ግን ሰባት ስም አለ፤ አብዛኛውን ርቀት የሸፈነ ቢቆምም ደረጃ ይሰጠዋል።

የዕለቱን ፎቶ የሚያይ ደግሞ «ሹማከር ወጥቶ አልነበር እንዴ?» ሊል ይችላል። የኩልታርድ ሄልሜት ጉም እየያዘ ስላስቸገረው የሹማከርን ተውሶ ነበር የነዳው።