«ሬጉላቶሪ ቴኪንግ» ምንድን ነው? መንግሥት ሳይወርስ ሲወርስ

መንግሥት መንገድ ሊያወጣ የሰው መሬት ከፈለገ ነገሩ ግልጽ ነው። ይወስዳል፣ ካሳ ይከፍላል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ግዴታ ከ1791 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ በሕገ መንግሥቱ አምስተኛ ማሻሻያ ላይ ሰፍሯል። ግን መሬቱን ሳይነካ፣ ሰነዱ በባለቤቱ ስም እንዳለ፣ ግብሩንም ባለቤቱ እየከፈለ፣ «እዚህ ላይ ቤት መሥራት ክልክል ነው» የሚል ሕግ ቢያወጣስ? እንዲህ ያለው ክልከላ ከመጠን በላይ ከብዶ እንደ መውረስ ሲቆጠር «ሬጉላቶሪ ቴኪንግ» ይባላል። ባለቤቱም ካሳ ይገባዋል።

ሐሳቡ ሥር የያዘው በድንጋይ ከሰል ክርክር ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ ኩባንያ የመሬቱን ገጽ ሸጦ ከሥር ያለውን ከሰል የማውጣት መብት ለራሱ አስቀርቶ ነበር። በኋላ ግዛቱ ቤቶች እንዳይሰምጡ ብሎ ከሥራቸው መቆፈርን ከለከለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1922 ለኩባንያው ፈረደ። ዳኛው ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ቁጥጥር ይቻላል፣ ከልክ ካለፈ ግን መውሰድ ነው። ልኩ የት እንደሆነ ግን አልነገሩንም! ጠበቆች እስከ ዛሬ የሚፋጩት እዚህች ላይ ነው።

ዋጋ መውረዱ ብቻውን ካሳ አያስገኝም። በ1926 ዩክሊድ በምትባል የኦሃዮ መንደር አንድ የመሬት ኩባንያ የዞን ደንቡ (የትኛው ቦታ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ደንብ) የኤከሩን ዋጋ ከ10,000 ዶላር ወደ 2,500 ያወርድብኛል ብሎ ተከራክሮ ተሸነፈ። መንደሯ ፋብሪካውን ከመኖሪያው የመለየት ሥልጣን አላት ተባለ።

ዋናው መመዘኛ የመጣው በ1978፣ ከኒውዮርኩ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ነው። ባለቤቶቹ ከጣቢያው አናት ላይ ከ50 ፎቅ በላይ ሕንፃ ሊጭኑ ፈለጉ፣ ከተማዋ ደግሞ ጣቢያው ቅርስ ነው ብላ ከለከለች። ፍርድ ቤቱ ሦስት ነገር አየ። ባለቤቱ ምን ያህል ከሰረ? ንብረቱን ሲይዝ ምን መጠበቁ ተገቢ ነበር? የመንግሥት እርምጃስ ምን ዓይነት ነው? ባለቤቶቹ «ከጣቢያው በላይ ያለው አየር ሙሉ በሙሉ ተወሰደብን» አሉ። ፍርድ ቤቱ ግን አየሩን ለብቻው አልቆርጥም፣ ንብረቱን እንዳለ ነው የማየው አለ። ጣቢያው እንደ ጣቢያ እየሠራ ነው፣ የመገንባት መብቱም በአቅራቢያ ወዳሉ ቦታዎች ሊዛወር ይችላል፣ ስለዚህ ካሳ የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ «ንብረቱ» የሚባለውን ጠበብ አድርጎ የለካ ሁሉም ነገር ተወሰደብኝ ይላል፣ ሰፋ አድርጎ የለካው ደግሞ ብዙ ቀርቶልሃል ይለዋል።

ለባለቤት የሚያደላ መስመርም አለ። አንድ ሰው በ1986 ደቡብ ካሮላይና ባሕር ዳርቻ ላይ ሁለት ቦታ በ975,000 ዶላር ገዛ። በ1988 የወጣ ሕግ እዚያ ላይ ቤት እንዳይሠራ ከለከለው። በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የመሬቱን የኢኮኖሚ ጥቅም በሙሉ የሚያሳጣ ሕግ ከነባሩ የንብረት ሕግ የመነጨ ካልሆነ በቀር ካሳ ያስከፍላል አለ። የሚገርመው መጨረሻው ነው። ግዛቱ ቦታዎቹን ገዛቸውና መልሶ ለቤት ግንባታ ሸጣቸው። የባሕር ዳርቻው ጥበቃ የት ገባ?

በአካል መግባት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በ1982 ኒውዮርክ ውስጥ አከራዮች የኬብል ቴሌቪዥን ሽቦ በሕንፃቸው ላይ እንዲዘረጋ የሚያስገድደው ሕግ፣ ሽቦው የያዘው ቦታ ኢምንት ቢሆንም፣ መውሰድ ነው ተብሏል። ከዋጋው ሦስት አራተኛ ያጣ ሲሸነፍ ሽቦ ጣሪያው ላይ ያለፈበት ያሸንፋል። ለኔ ይህ ሚዛን አይዋጥልኝም።

የልኬቱ ጥያቄ በ2017ም ተመልሶ መጣ። ዊስኮንሲን ውስጥ ወንዝ ዳር ሁለት ጎን ለጎን ቦታ ያላቸው የአንድ ቤተሰብ አባላት አንዱን ለይተው እንዳይሸጡ ደንብ አገዳቸው። ፍርድ ቤቱ ሁለቱን እንደ አንድ ንብረት ቆጠራቸውና ቤተሰቡ ያለ ካሳ ቀረ።