የጥርስ ሥር ድንጋይ አይደለም፦ ስለ ዴንቲንና ስለ ማጣበቂያው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጥርሴን ብርድ መታው»

ደብረ ብርሃን ላይ ጥርስ የሚያክም ሰው ይህን ሳይሰማ አይውልም። ጣርማ በር ላይ አፉን ከፍቶ ጥርሱ የጠዘጠዘው መንገደኛም ብዙ ነው። ብርዱ ግን የሚያሳምመው የተጋለጠ ቦታ ሲያገኝ ነው።

ከድድ በላይ ያለውን ጥርስ ጠንካራው ኢናሜል ይሸፍነዋል። ሥሩ ግን ኢናሜል የለውም። ያለው ሲሜንተም የሚባል ስስ ልባስ ብቻ ነው። ድድ ሲሸሽ ይህ ልባስ ቶሎ ያልቃል፤ በጠንካራ ብሩሽ ወይም መፋቂያ ወደ ጎን አጥብቆ ለሚፍቅ ሰውማ ይብሳል። ያኔ ከሥሩ ያለው ዋናው የጥርስ አካል፣ ዴንቲን፣ ይገለጣል።

ዴንቲን በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ነርቩ ካለበት ወደ ውጭ የሚዘረጉ ቱቦዎች የሞሉበት ነው። የአንዱ ስፋት ከ1 እስከ 3 ማይክሮሜትር ነው፤ ማይክሮሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ቀዝቃዛ አየር ፈሳሹን ያንቀሳቅሰዋል፣ እንቅስቃሴው ነርቩን ይቀሰቅሳል። ስዊድናዊው ብራንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስረዳው ይህንን ነው። ጋቢ መከናነብ ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል፤ መፍትሔው ግን ቱቦዎቹን መድፈን ነው።

«ትል በላው»

ትል የለም። የሚበላው ባክቴሪያ ከስኳር የሚሠራው አሲድ ነው። ሥሩ ደግሞ ኢናሜልን በማይነካ ደካማ አሲድም ይሟሟል። በጭስ መታጠን አፍ ከማቃጠል በቀር የሚያወጣው ነገር የለም።

«ሙሌት የሚይዘው ቦታው ድርቅ ሲል ነው»

ምራቅና ደም መድረስ የለበትም፤ ይሄ ልክ ነው። ዴንቲን ራሱ ግን ከክብደቱ 10 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። 70 በመቶው ማዕድን፣ የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው።

አሲድ ቀብተን ስናጥበው ከላይ ያለው ማዕድን ይሄድና የኮላጅን መረብ ይቀራል። ፈሳሹ ማጣበቂያ መረቡ ውስጥ ሰርጎ ሲጠነክር ሙሌቱ ይይዛል። ይህን ድብልቅ ንብርብር ጃፓናዊው ናካባያሺ እ.ኤ.አ. በ1982 ገልጾታል።

በአየር አብዝተን ካደረቅነው መረቡ ይተኛል። ፀሐይ ላይ የተረሳ የበግ ቆዳ እንዴት ተኮማትሮ እንደሚቀር የመንዝ ሰው ያውቃል፤ ቆዳም በዋናነት የተሠራው ከኮላጅን ነው። መረቡ ከተኛ ማጣበቂያው መግቢያ ያጣል። በዚህ ዘዴ ስንሠራ ዴንቲኑን ትንሽ እርጥብ የምንተወው ለዚህ ነው። ባለሙያው በቸልታ የተወው እንዳይመስላችሁ።

«አሲዱ በቆየ ቁጥር ይጠብቃል»

ዴንቲን ላይ 15 ሰከንድ ያህል ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ማጣበቂያው ከሚደርስበት በታች ይቆፍራል። እዚያ ባዶውን የቀረ ኮላጅን እያደር ይበላሻል።

«ሥሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው»

ይህ ስህተት ብዙ ሥራ ያበላሻል። ሩት ካናል ተሠርቶ፣ ማለትም ነርቩ ወጥቶ የሥሩ ውስጥ ታጥቦ ተሞልቶ፣ ጥርሱ ከላይ ከተሰበረ፣ ሥሩ ውስጥ ፖስት የምንለው ቀጭን ዘንግ ይጣበቃል። ወደ ሥሩ ጫፍ ሲወረድ ግን ቱቦዎቹ ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹ በማዕድን ተደፍነዋል። ማጣበቂያውን የሚያጠነክረው መብራትም እዚያ በደንብ አይደርስም።

ሥሩን ያጠብንበት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም የበረኪናው ዋና ንጥረ ነገር፣ ኦክስጅን ትቶ ማጣበቂያው እንዳይጠነክር ያደርጋል። ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኘው ዩጂኖልም ማጠንከሩን ያውካል፤ ጊዜያዊ ሙሌት ውስጥ አለ። ሁለቱም በደንብ ሳይጸዱ ከተጣበቀ ፖስቱ ቶሎ ይለቃል።

ከለቀቀባችሁ ቤት ውስጥ በሱፐር ግሉ አትለጥፉት። እንዳለ ይዛችሁት ኑ። ማጣበቂያው የቀረው ፖስቱ ላይ ከሆነ የለቀቀው ዴንቲኑ በኩል ነው፤ ሥሩ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ፖስቱ በኩል።