የቢትልስ ሦስቱ ጊታሮች፦ ሌነን፣ ማካርትኒና ሃሪሰን በድርሰትም በአጨዋወትም

ቢትልስ ከእንግሊዟ ሊቨርፑል ከተማ የወጣ የአራት ሰዎች ባንድ ነው። ጆን ሌነን፣ ፖል ማካርትኒ፣ ጆርጅ ሃሪሰንና ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር። በዚህ አሰላለፍ ሸክላ ያሳተሙት ከ1962 እስከ 1970 ብቻ ነው (እዚህ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስለ ዝናቸው በአማርኛም አልፎ አልፎ ይነገራል። ማን የትኛውን ዘፈን እንደደረሰ፣ ማን የትኛውን ሶሎ (አንድ መሣሪያ ጎልቶ ብቻውን የሚሰማበትን ክፍል) እንደመታ ግን አንድ ቦታ ተሰብስቦ ማግኘት ይከብዳል። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ለዚያ ነው።

እኛ ዘንድ በካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ለየብቻ ይጻፋል። የቢትልስ ሸክላ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። «ሌነን–ማካርትኒ» ይላል፣ አለቀ። ሁለቱ ገና ልጆች ሳሉ፣ አንዳችን ብቻችንን የጻፍነውም ቢሆን በሁለታችን ስም ይውጣ ብለው ተስማምተዋል። በ1963 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ የማካርትኒ ስም ይቀድማል። በዚያው ዓመት የሌነን ስም ወደ ፊት መጣና እንደዚያው ቀረ። የመሣሪያው ክፍፍልም በወረቀት ቀላል ነው፦ ሃሪሰን ሊድ ጊታር (ዜማውንና ሶሎውን የሚመታው)፣ ሌነን ሪትም ጊታር (ምቱን የሚይዘው)፣ ማካርትኒ ቤዝ ጊታር (ወፍራሙን የታች ድምፅ የሚሰጠው)። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ላዳመጠ ሰው ግን ስሙም ክፍፍሉም ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ጊታር እንዴት እንደያዙ

በ1940 የተወለደው ሌነን መጀመሪያ የተማረው የባንጆ (ጊታር መሰል ባለ ክር መሣሪያ) ኮርድ ነው፤ ኮርድ አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ ነው። ያስተማረችው እናቱ ጁሊያ ናት። ጊታር ካገኘ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ጣቶቹ የሚያውቁት ያንኑ የባንጆ አያያዝ ነበር።

ማካርትኒ በሁለት ዓመት ያንሰዋል። ግራኝ ነው። አባቱ የገዙለትን ትራምፔት ሰጥቶ ጊታር ለወጠበት። እጁ አልታዘዝ ሲለው ክሮቹን ገልብጦ አሰራቸውና በግራው መምታት ጀመረ። ሁለቱ የተዋወቁት ጁላይ 6 ቀን 1957፣ በዉልተን ሰፈር በሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በተዘጋጀ ድግስ ላይ ነው። ማካርትኒ ያን ቀን ጊታር መቃኘት ያውቅ ነበር። ሌነን ግን በገንዘብ የሚያስቃኝ ልጅ ነበር።

ሃሪሰን በ1943 የተወለደ የሁሉም ታናሽ ነው። ያመጣው የትምህርት ቤት ጓደኛው ማካርትኒ ነው። በ1958 በባለ ፎቅ አውቶቡስ ላይኛው ክፍል ተቀምጠው «ራንቺ» የተባለውን ያለ ድምፃዊ የተሠራ ሙዚቃ ተጫወተላቸው። ያኔ ዕድሜው 15 ገደማ ነበር። ሌነን ሕፃን መስሎት አመንትቶ ነበር፣ ጣቶቹን ሲያይ ግን የሚለው ጠፋው።

ከ1960 እስከ 1962 ደጋግመው ወደ ጀርመኗ ሃምቡርግ እየሄዱ በምሽት ክበቦች ሠሩ። በ1961 ቤዝ ተጫዋቹ ስቱዋርት ሳትክሊፍ ሲለቅ ቤዙ ለማካርትኒ ደረሰው።

ድርሰት

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌነንና ማካርትኒ የሚጽፉት ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። አንዱ ግራኝ፣ ሌላው ቀኝ በመሆኑ ማካርትኒ ሌነንን ሲያይ ራሱን በመስታወት የሚያይ ይመስለው እንደነበር ተናግሯል። የአንዱ ጣት የት እንዳረፈ ሌላው ሳይጠይቅ ያውቃል። «ሺ ላቭስ ዩ»ን በኒውካስል ሆቴል ክፍል ውስጥ የጀመሩት እንዲህ ሆነው ነው።

በ1964 የወጣው «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት» አልበም ላይ ያሉት 13 ዘፈኖች በሙሉ የሁለቱ ድርሰት ናቸው። በሌሎቹ አልበሞቻቸው ላይ ይህ አልተደገመም። ከ13ቱ አብዛኛው የሌነን እጅ ሥራ ነው፤ ያ ዓመት የሱ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ እየተራራቁ መጡ። ከዚህ ወዲያ ለአድማጭ የሚሠራው ምልክት ቀላል ነው፦ ብዙውን ጊዜ መሪ ድምፁ የማን ነው? ዘፈኑም በዋናነት የሱ ነው።

የሁለቱ ዜማ አይመሳሰልም። የሌነን ዜማ ብዙ አይርቅም። አንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ይመላለሳል፣ ከሥሩ ግን ኮርዶቹ ይለዋወጣሉ። ዜማውን የሚገዛው ቃሉ ነው፤ ሲናገር እንደሚናገረው ይዘፍናል። «አይ አም ዘ ዎልረስ»ን ያዳመጠ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የማካርትኒ ዜማ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይዘላል። ቃሉን አውጥቶ በአፍ ቢያንጎራጉሩትም ሙሉ ሆኖ ይቆማል።

ለዚህ «የስተርደይ»ን የሚያህል ማስረጃ የለም። ማካርትኒ ዜማው ጭንቅላቱ ውስጥ እያለ ከእንቅልፉ ነቃ። የሌላ ሰው ሥራ ሰርቄ እንዳይሆን ብሎ ያገኘውን ሰው ሁሉ ይጠይቅ ነበር። ግጥም ስላልነበረው ለጊዜው ስለ እንቁላል ፍርፍር የሚያወሩ ስንኞች አስገባበት። በ1965 ሲቀረጽ በስቱዲዮው የተጫወቱት ማካርትኒ ከነአኩስቲክ ጊታሩ እና አራት ባለ ገመድ መሣሪያ ተጫዋቾች ናቸው። ከማካርትኒ በቀር ከባንዱ አባላት ማንም የለበትም። ሸክላው ላይ ግን «ሌነን–ማካርትኒ» ነው።

እውነተኛ የጋራ ሥራዎችም አሉ። በ«ዊ ካን ወርክ ኢት አውት» ውስጥ የማካርትኒ ተስፈኛ ስንኝ ሄዶ ሄዶ ሕይወት አጭር ናት ከሚለው የሌነን ክፍል ጋር ይጋጫል። የ1967ቱ «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» የሌነን ነው፣ መሐሉ ላይ ከእንቅልፍ ነቅቶ ወደ አውቶቡስ የሚሮጠው ሰውዬ ግን የማካርትኒ ነው።

ክርክር የሚበዛባቸው ሁለት ዘፈኖች አሉ። አንደኛው የ1965ቱ «ኢን ማይ ላይፍ» ነው። ግጥሙ የሌነን ለመሆኑ ሁለቱም አይከራከሩም። ዜማውን ሌነን የራሴ ነው፣ ማካርትኒ ያገዘኝ መሐሉን ነው ብሏል። ማካርትኒ በበኩሉ ዜማውን የሠራሁት እኔ ነኝ ይላል። በ2018 የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የሁለቱን የዜማ ልማድ በቁጥር አነጻጽረው ሚዛኑ ወደ ሌነን አጋድሏል። ሆኖም ቁጥር በክፍሉ ውስጥ አልነበረምና ጉዳዩ ክፍት ሆኖ ቢቆይ ይሻላል። ሁለተኛው «ኤሊነር ሪግቢ» ነው። ሌነን አብዛኛውን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሎ ነበር። ይህ አይደለም። የሌነን የልጅነት ጓደኛ ሳይቀር የመሰከረው ለማካርትኒ ነው።

ሃሪሰን በሁለቱ መሐል ያደገ ደራሲ ነው። የመጀመሪያ ዘፈኑ «ዶንት ቦዘር ሚ» በ1963 ወጣ፤ የጻፈው ቦርንመዝ ከተማ ሆቴል ውስጥ ታሞ ተኝቶ ነው። አብሮት የሚጽፍ አልነበረውም። በየአልበሙ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ነው። በ1966ቱ «ሪቮልቨር» ሦስት፣ በ1968ቱ ድርብ አልበም አራት ደረሰው። ጠቅላላ በቢትልስ ስም የወጡት ዘፈኖቹ 22 ናቸው። ከሁለቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ግን ከነዚህ ውስጥ «ሂር ካምስ ዘ ሰን» አለ፤ በጓደኛው በጊታሪስቱ በኤሪክ ክላፕተን የአትክልት ቦታ ውስጥ፣ ፀሐይ እየሞቀ የጻፈው ነው። «ሰምቲንግ» አለ። «ሰምቲንግ» በኦክቶበር 1969 በነጠላ ሸክላ ፊተኛ ገጽ ላይ የወጣ የመጀመሪያ የሃሪሰን ዘፈን ሲሆን አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ደረሰ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ፍራንክ ሲናትራም ዘፍኖታል። ባንዱ በፈረሰ በወራት ውስጥ፣ በኖቬምበር 1970፣ ሃሪሰን ባለ ሦስት ሸክላ አልበም አወጣ። ወረፋ ሲጠብቁ የቆዩ ዘፈኖቹ እዚያ ገቡ። ይህን ያየ ሰው ከሦስቱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከፍ ብሎ የሄደው ማን እንደሆነ ለመናገር አይቸገርም።

አጨዋወት

ሃሪሰን ፈጣን ጊታሪስት አይደለም። እንደመጣለት የሚጫወትም አይደለም። ሶሎውን አስቀድሞ እንደ ዜማ ይደርሰዋል፤ ከዚያ ያለ ትርፍ ድምፅ ይመታዋል። የ«ሰምቲንግ»ን ሶሎ ከዘፈኑ ነጥሎ ማንጎራጎር ይቻላል። በ1964 ኒውዮርክ ላይ የተሰጠው ባለ 12 ክር ሪከንባከር ጊታር የ«ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት»ን መክፈቻ ኮርድ ያንን የደወል ድምፅ ሰጠው። በ1965 በ«ኖርዌጂያን ዉድ» ላይ ሲታር የተባለውን የህንድ ባለ ክር መሣሪያ አስገባ፣ በማግስቱ ዓመት ከሲታር ሊቁ ከራቪ ሻንካር ዘንድ ገብቶ ተማረ። ከ1969 ወዲህ ደግሞ በስላይድ መጫወት ያዘ። ጣት ላይ ቱቦ አጥልቆ ክሩን እያንሸራተቱ መጫወት ነው፤ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ማሲንቆ የለመደ ጆሮ ይህን በቶሎ ይወደዋል። በ«ዋይል ማይ ጊታር ጀንትሊ ዊፕስ» ላይ የሚሰማው ሶሎ ግን የሱ አይደለም። የራሱ ዘፈን ቢሆንም በሴፕቴምበር 1968 ክላፕተንን ጋብዞ አስመታው።

የሌነን ዋጋው ቀኝ እጁ ነው። በ1963ቱ «ኦል ማይ ላቪንግ» ውስጥ ሳያቋርጥ በሦስት በሦስት የሚመታው ሪትም ለእጅ አድካሚ ነው፣ ዘፈኑን የሚያስሮጠውም እሱ ነው። የ1964ቱ «አይ ፊል ፋይን» የሚጀምረው ከአምፕሊፋየር (ከጊታሩ ድምፅ ማጉያ) በወጣ ጩኸት ነው፤ ሌነን ስህተት የሚመስለውን ድምፅ ሆን ብሎ ሸክላ ላይ አኖረው። በ«ጌት ባክ» ሶሎውን የመታውም እሱ ነው። ራሱ በቴክኒክ ጎበዝ አይደለሁም፣ ግን ጊታሩን ማስጮህ እችላለሁ ይል ነበር። በ1968 ህንድ፣ ሪሺኬሽ ውስጥ ከዘፋኙ ዶኖቫን ክርን በየጣቱ እየለዩ መምታት ተማረ። «ዲር ፕሩደንስ»ና ለእናቱ የጻፈላት «ጁሊያ» የዚያ ትምህርት ፍሬ ናቸው።

ማካርትኒ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሊድ ጊታሪስት ነው። በ«ቲኬት ቱ ራይድ» የሚሰሙት ሹል የሊድ ድምፆች የሱ ናቸው። የ«ታክስማን» ደራሲ ሃሪሰን ነው፣ ያ የሚቆርጥ ሶሎ ግን የማካርትኒ ነው። ሃሪሰን በኋላ ሲጠየቅ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለኔ ሲል የህንድ ቅላፄ ጨምሮበታል ብሎ መልሷል። እንዲህ ያለ ትልቅነት በባንድ ውስጥ ብዙ አይገኝም። «ብላክበርድ» ደግሞ መነሻው እሱና ሃሪሰን በልጅነታቸው የተለማመዱት የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲው የባኽ ሥራ ነው። ቤዙን በተመለከተ ማካርትኒ ከሥር ሆኖ ሁለተኛ ዜማ የሚዘፍን ተጫዋች ነው ማለት ይበቃል።

ሦስቱን አንድ ላይ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው የ1969ኙን «ዚ ኤንድ» ይክፈት። ከከበሮው ሶሎ በኋላ ሦስቱ ተራ በተራ ሊድ ይመታሉ። መጀመሪያ ማካርትኒ፣ ቀጥሎ ሃሪሰን፣ ከዚያ ሌነን፤ ሦስት ዙር ይሄዳሉ። ማካርትኒ ስልና ንጹሕ ነው። ሃሪሰን ክሩን እየሳበ ያዘፍነዋል። ሌነን ሻካራ ነው፣ ኮርዱን ያጓራዋል። ስም ሳይነገርም ማን ማን እንደሆነ ይለያል።

ሌነን ዲሴምበር 8 ቀን 1980 ኒውዮርክ ውስጥ ተገደለ። ሃሪሰን ኖቬምበር 29 ቀን 2001 አረፈ። በኖቬምበር 2023 «ናው ኤንድ ዘን» የተባለ ዘፈን በቢትልስ ስም ወጣ። ድምፁ ሌነን ቤቱ በካሴት የቀዳው ነው፤ ሃሪሰን በ1995 የቀረጸው ጊታርም ገብቶበታል። ሶሎውን የመታው ማካርትኒ ነው። በስላይድ መታው፣ በሃሪሰን አጨዋወት።