ከሰርኪዩት ቦርድ ወርቅ ማውጣት ምንድን ነው?

የተበላሸ ኮምፒውተር ሲከፈት አረንጓዴ ሰሌዳ ይታያል፤ ሰርኪዩት ቦርድ የሚባለው ነው። መስመሮቹ መዳብ ናቸው። ሜሞሪውን ነቅሎ ጠርዙን ያየ ሰው የሚያገኛቸው ቢጫ ጥርሶች ደግሞ በእውነተኛ ወርቅ የተለበጡ ናቸው፤ ወርቅ ስለማይዝግ ኤሌክትሪኩን ለዓመታት ሳያስተጓጉሉ ያሳልፋሉ። በብየዳው ብርና ቆርቆሮ፣ በአሮጌዎቹ ላይ እርሳስም አለ። እነዚህን ማዕድናት ከተጣለ ቦርድ ለይቶ ማውጣት «የከተማ ማዕድን ማውጣት» እየተባለ ይጠራል።

ለምን ይደከምበታል? ከአንድ ቶን የወርቅ አለት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከ10 ግራም ያነሰ ነው። ጥሩ የኮምፒውተር ቦርድ ግን በቶን ከ100 ግራም በላይ ሊሰጥ ይችላል። ችግሩ መሰብሰቡ ላይ ነው። ጃፓን ለቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ከ78,000 ቶን በላይ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ሰብስባ ያገኘችው ወርቅ 32 ኪሎ ገደማ ነበር።

ብዙ ሰው ወርቁን የሚለየው አሲድ ብቻ ይመስለዋል። በትልልቆቹ ማቅለጫዎች ግን ትልቁን ሥራ የሚሠራው መዳቡ ነው! በቤልጅየም፣ አንትወርፕ አጠገብ ሆቦከን በሚገኘው የዩሚኮር ፋብሪካ ቦርዱ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ፕላስቲኩ ነድዶ ማገዶ ይሆናል። መስታወቱና አሉሚኒየሙ ከላይ ይንሳፈፉና ይገፈፋሉ። የቀለጠው መዳብ ወርቁን፣ ብሩንና ፓላዲየም የሚባለውን ውድ ብረት በውስጡ አሟሙቶ ከሥር ይጠራቀማል። ከዚያ መዳቡ በሰልፈሪክ አሲድና በኤሌክትሪክ ኃይል ተለይቶ ሲወጣ፣ ወርቁ በተረፈው ዝቃጭ ውስጥ ይቀራል፤ የሚጣራውም ከዚያ ነው።

እንዲህ ያለው ፋብሪካ እንኳ ከጉዳት የጸዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በሆቦከን ልጆች ደም ውስጥ የእርሳስ መጠን ከፍ ብሎ በመገኘቱ ኩባንያው በአቅራቢያው ያሉትን ቤቶች ልግዛ እስከማለት ደርሷል።

ታዲያ ጭስ ማጣሪያ የሌለው ሰው በጓሮው ቦርድ በናይትሪክ አሲድ ሲዘፈዝፍ ምን ይተነፍሳል? የሚወጣው ቡናማ ጋዝ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሳንባን ያቃጥላል፣ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። በቻይናዋ ጉይዩ ቦርድ በአሲድ መንከርና በከሰል ማሞቅ ለዓመታት የሰፈር ሥራ ሆኖ ቆይቶ፣ የሕፃናቱ ደም በእርሳስ ተበክሎ ተገኝቷል። በኢንተርኔት የሚታዩትን የ«ወርቅ አወጣጥ» ቪዲዮዎች አይታችሁ እባካችሁ አትሞክሩት። አሮጌ ቦርድ ያለው ሰው ሳይሰብረውና ሳያቃጥለው እንዳለ ለሰብሳቢ ቢሰጠው ይሻላል፤ ቦርድ ሲደቅቅ ከወርቁ የተወሰነው ከብናኙ ጋር ይባክናል።