የታፈነ ሽታ ምንድን ነው?

ለጥቂት ቀን ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት አፈር አፈር፣ እርጥብ ጆንያ እርጥብ ጆንያ የሚል ነገር ከደጃፉ ይቀበላል። የታፈነ ሽታ የሚባለው እሱ ነው። ቆሻሻ ሽታ አይደለም። በየቀኑ የሚጠረግ ቤትም ይኖረዋል፤ እንዲያውም ፀሐይ በሌለበት ወለሉን ውሃ እያፈሰሱ መወልወል ሽታውን ያባብሰዋል። ምንጩ እርጥበትና እርጥበቱ ያበቀለው ሻጋታ ነው። ሻጋታ ጭዱን፣ እንጨቱን፣ ወረቀቱን፣ ጥጡንና አቧራውን እየበላ ሲያድግ ወደ አየር የሚበተኑ ነገሮችን ይለቃል፤ አፍንጫ የሚያገኘው እነዚያን ነው። ስለዚህ ዓይን ባያየውም ሽታው ካለ ብዙውን ጊዜ ሻጋታው ከቁምሳጥኑ ጀርባ፣ ከፍራሹ ሥር ወይም ከኮርኒሱ በላይ ተቀምጧል።

ቤት ሲሸት እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ እጣኑ ነው። እጣን ግን ያልደረቀ ቤትን አያድንም። ጭሱ እርጥብ መጋረጃና እርጥብ ስጋጃ ላይ ይለጠፍና በማግስቱ ከሻጋታው ጋር ተደባልቆ፣ ከመጀመሪያው የባሰ፣ የከረረ ሽታ ይሆናል። ቤቱ መጀመሪያ ይደርቃል፣ ከዚያ ይታጠናል።

ደሴ ላይ ይህ ችግር የሚጸናበት ምክንያት አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ሲውል ግድግዳው ሙቀት ሳያገኝ ይመሻል። ቤት ውስጥ ግን ይተነፈሳል፣ ይበሰላል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ የታጠበ ልብስ ይሰጣል። አንድ የተኛ ሰው በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ በትንፋሹና በላቡ ያወጣል፤ አራት ሰው ስምንት ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ ሲያድር ከ1 ሊትር በላይ ውሃ አየሩ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በእጅ ተጨምቆ ቤት ውስጥ የተሰጣ አንድ ሳፋ ልብስ ደግሞ 2 ሊትር ያህል ሊጨምርበት ይችላል። ሞቃት አየር ይህን ሁሉ ተሸክሞ ይዞርና ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ መሸከም ያቅተዋል፤ ውሃውን እዚያው ያራግፋል። ጠዋት መስታወቱ ላይ የሚንጠባጠበው፣ ቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ኮርኒሱን ቢጫ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ውሃው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚጀመር ጥገና ገንዘብ ማባከን ነው። መለያው ቀላል ነው። ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ ግድግዳው ላይ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቆ መለጠፍና ሁለት ቀን መተው ነው። ሁለት ቀን ሲሞላው ውሃው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከተገኘ፣ እርጥበቱ የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ወይም ከመሬት ነው። ወደ ክፍሉ ባለው ፊት ላይ ከተገኘ ደግሞ ቤቱ ራሱ የሚተነፍሰው ነው። ሁለቱም ፊት ከረጠበ ችግሩ ሁለት ነው፤ ከመሬቱ ይጀመራል።

ከመሬት የሚመጣው እርጥበት በማናፈስ ብቻ አያልቅም። ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ከላይ በኩል የሚወርደው ጎርፍ የቤቱን ጀርባ ይመታል። ከቤቱ በላይ በኩል ውሃውን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ይቆፈራል፤ ጥልቀቱ ከቤቱ ወለል ዝቅ ካላለ ግን ውሃው ከሥሩ ሾልኮ ይገባል። አሸንዳ የሌለው ጣሪያ ደግሞ ውሃውን ግድግዳው ሥር ያፈስና እየፈነጠቀ የታችኛውን ክፍል ያርሰዋል። ከግድግዳው ጋር ተደግፎ የተቆለለ አፈር፣ አሸዋ ወይም እንጨት መነሳት አለበት።

በጭቃ ቤት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲሚንቶው ላይ ነው። ጭቃና ጭድ ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ መልሶ ይተነፍሳል። ከውጭ በሲሚንቶ ሲለሰን መተንፈሻው ይደፈናል። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀራል፣ ጭዱ ይበሰብሳል። ግድግዳውን በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ልስኑ ከጭቃው ተላቋል። እንዲህ ያለውን ቀለም በላዩ መቀባት ሽታውን ለጥቂት ሳምንት ቢሸፍን ነው። የተላቀቀው ተነስቶ፣ ጭቃው በበጋ ደርቆ፣ በጭቃ ወይም በኖራ ይለሰናል። ኖራ ለሻጋታ የማይመች ስለሆነ የውስጡንም ግድግዳ በኖራ መቀባት ጥሩ ነው።

ከቤቱ ትንፋሽ የሚመጣው እርጥበት መፍትሔው ማናፈስ ነው። ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች፣ ወይም በርና መስኮት፣ ወለል አድርጎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መክፈት ቀኑን ሙሉ አንድ መስኮት ገርበብ አድርጎ ከመተው ይበልጣል፤ አየሩ በሙሉ ይቀየራል፣ ግድግዳው ግን አይቀዘቅዝም። ከእንቅልፍ እንደተነሡ አንድ ጊዜ፣ ከእንጀራ ጋገራ ወይም ከምግብ በኋላ አንድ ጊዜ ይበቃል። በጉም ቀንም ይሠራል፤ የውጭው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚሸከመው ውሃ ጥቂት ነው፣ ቤት ገብቶ ሲሞቅ ይደርቃል። ፀሐይ በወጣበት ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለፍራሽ፣ ለብርድ ልብስና ለስጋጃ ማስጫ ማድረግ ነው። ቁምሳጥንና አልጋ ከግድግዳ አራት ጣት ያህል ይራቁ። መሬት ላይ የሚነጠፍ የመጅሊስ ፍራሽ በየጠዋቱ ተነሥቶ በጠርዙ ይቁም፤ ሥሩን በመዳፍ ሲዳስሱት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ስፖንጁ ውሃ ጠጥቷል።

ጋቢ ለብቻው ቦታ ይገባዋል። ወፍራም ጥጥ ስለሆነ ላዩ ደርቆ እጥፋቱና ጥለቱ እርጥብ ይቀራል። ከገመድ ከማውረድ በፊት ጥለቱን ጉንጭ ላይ አድርጎ ማየት ነው፤ ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀም፣ ገልብጦ ማስጣት ያስፈልጋል። እንዲህ ሆኖ የታጠፈ ጋቢ በሦስተኛው ቀን ይሸታል፣ ቁምሳጥን ሙሉ ልብስም ያበላሻል። አንዴ ከሸተተ ሽቶ አይመልሰውም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማዋል ነው።

ግድግዳ ላይ የወጣ ጥቁር ነቁጥ በደረቅ መጥረጊያ መጠረግ የለበትም፤ ዘሩ በቤቱ ሁሉ ይበተናል፣ አስም ያለበትን ሰውም ያሳምማል። አፍንጫና አፍ ተሸፍኖ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ያልቀጠነ አቼቶ ይረጫል፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሴራሚክ ላይ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ መጠቀም ይቻላል። ጭቃና ልስን ላይ ግን በረኪናው ላዩን ያነጣዋል እንጂ ውስጥ የገባውን አይገድልም፤ ውሃው ግን ይሰርጋል። በረኪናንና አቼቶን፣ ወይም በረኪናንና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድን፣ በአንድ ዕቃ ወይም በአንድ ወለል ላይ ማገናኘት ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ያስነሳል።

ሌላ አጥብቀን የምንናገረው ስለ ከሰል ነው። ደሴ ሲበርድ ማንደጃ ይዞ በር መዝጋት፣ ቤቱ እንዲደርቅ ብሎ ከሰል ማሳደር ሰው ይገድላል። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል። ፍም ባለበት ክፍል መስኮት ይከፈት፤ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ደጅ ይውጣ። ያልነደደ ከሰል ግን ያለ ስጋት ይጠቅማል፦ ግማሽ ኪሎ በጨርቅ ከረጢት ቋጥሮ ቁምሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ በወር አንድ ጊዜ ፀሐይ ማስመታት። ሽታ ይቀንሳል፤ ውሃውን ግን አያደርቅም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሞቃት ናት። እዚያ ቤት ሲሸት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግድግዳው ሳይሆን የፍሳሽ መስመሩ ነው። ከመታጠቢያው ሥር ያለው ሲፎን የሚባለው ጎባጣ ቱቦ ውስጥ የሚቀመጠው ጥቂት ውሃ የፍሳሹን ሽታ የሚመልስ በር ነው። ብዙ የማይሠራበት የወለል ማፍሰሻ በሙቀት ይደርቅና በሩ ይከፈታል። 1 ሊትር ውሃ ማፍሰስ ብቻ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ለረጅም ጊዜ ለሚዘጋ ቤት በላዩ አንድ ማንኪያ ዘይት ሲጨመር ውሃው ቶሎ አይተንም።

እንግዲህ ቤቱ ከደረቀ እጣኑ ቦታውን ያገኛል። ፍሙ ላዩ አመድ እስኪለብስ ይጠበቃል፤ ቀይ ፍም ላይ የወደቀ እጣን ከመቅለጡ በፊት ይነድና የተቃጠለ ሙጫ ይሸታል። ለአንድ ክፍል የሽንብራ ፍሬ የሚያክል ሦስት አራት ፍሬ ይበቃል፣ በሩም ገርበብ ይበል። ጭሱ ነጭ ሆኖ ቀስ ብሎ ከወጣ ልኩ ነው፤ ሲጠቁር ፍሙን በአመድ ማልበስ ነው። ቄጠማም እንዲሁ የሚጎዘጎዘው ደረቅ ወለል ላይ ነው። ከሥሩ እርጥበት ካገኘ በማግስቱ ይላሽቃል፣ መሽተትም ይጀምራል፤ ስለዚህ እንግዳ ተሸኝቶ ሲያበቃ፣ ቢዘገይ በማግስቱ ጠዋት፣ ይጠረግ፤ ወለሉም ሌላ ሳይነጠፍበት ንፋስ ይምታው።